የተነከሰችው አምስት

ይህ የምተርክላችሁ የውድድር ዘመን በየትኛውም ሜዳ ላይ አልተካሄደም። ትኬት አልተቆረጠበትም፣ ፊሽካ አልተነፋበትም፣ በሬዲዮም አልተላለፈም። ቢሆንም 8 ቡድኖች፣ 14 ሳምንታትና 56 ግጥሚያዎች ነበሩት። ኮከብ ግብ አግቢ ነበረው፤ በግማሽ ዓመት የተባረረ አሠልጣኝ ነበረው፤ ደመወዝ ዘገየብን ብለው ያደሙ ተጫዋቾችም ነበሩት። አንድ የተሰረቀ ውጤትም ነበረው። ሌባው እኔ ነኝ።

ነገሩ ሁሉ የተፈጸመው በ1988 ዓ.ም. ሰበታ ውስጥ፣ በእናቴ ማድ ቤት ደጃፍ፣ በአንዲት ባዶ የኒዶ ጣሳ ነው።

*

እኔና ጓደኛዬ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጆች ነበርን። ስሙን አልጠራም። በደብተራችን ውስጥ የእርሱ ማዕረግ «ፕሬዚዳንት»፣ የእኔ «ዋና ጸሐፊ» ስለነበር እዚህም በዚያው ይጠራልኝ።

የሐሳቡ መነሻ የ1987 ዓ.ም. የገና በዓል ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ምሳው ከተበላና ጠላው ከተቀመሰ ወዲያ፣ የሰፈራችን አዋቂዎች ጋቢያቸውን አሸርጠው፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ወጡ። ባንድ ወገን የላይ ሰፈር፣ በሌላ ወገን የታች ሰፈር። ኳሷን አንዱ ሩር ይላታል፣ ሌላው ጥንግ፤ ከኦሮሞ ቤተሰብ የመጡት ጎረቤቶቻችን ጨዋታውን ቂሌ ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ዱላው አንድ ነበር። ሩሯ በተለጋች ቁጥር አቧራው ይነሣል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ አንድ ሰው ቅልጥሙን ይዞ ይቀመጣል። የተመታው ትልቅ ሰው ቢሆንም አይቆጣም። በዚያች ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ናቸውና ደንቡ አይፈቅድለትም።

ፕሬዚዳንቱ ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ይህ ጨዋታ ለምን ሊግ የለውም?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እግር ኳስ ከባሕር ማዶ መጥቶ ሊግና ዋንጫ ኖሮት፣ በየሳምንቱ ሰው ሲጣላበት፣ እዚሁ የተወለደው ገና በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይኖራል፤ ከዚያም ዱላው ቆጥ ላይ ይሰቀልና ዓመት ይጠብቃል። እኛ ልጆች ነበርንና ይህን እንደ በደል ቆጠርነው። በደሉንም ለማረም ወሰንን። ሜዳ ላይ ለማረም አቅም ስላልነበረን ታሪክን አረምን።

*

ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የኢትዮጵያ የገና ሊግ ታሪክ» ብዬ ጻፍኩ። ታሪክ ሲባል ግን ዝም ብሎ የሚፈበረክ አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ ጥንቁቅ ሰው ነበር። «የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀመጣል» አለ። ስለዚህ የመገንጠያውን ቦታ መፈለግ ጀመርን፤ እውነተኛው ታሪክ በአንድ በኩል፣ የእኛው በሌላ በኩል የሚሄድበትን መስቀለኛ መንገድ።

በዚያ ዕድሜያችን የምናውቀው ጥቂት ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. እንደተመሠረተ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1944 አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሻምፒዮና እንደተጀመረና 5 ቡድኖች እንደተሳተፉበት ከአንድ መጽሔት ላይ አንብበናል። ከሐበሾቹ ጋር አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣሊያኖችና እንግሊዞች የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። መገንጠያችን ይህ ሆነ። በእኛ ደብተር ውስጥ አምስቱ ቡድኖች ተሰብስበው፣ የአገሩ ሰዎች «የአገሩን ጨዋታ እንጫወት» አሉ፤ አርመኑም፣ ግሪኩም፣ እንግሊዙም ዱላ ቆርጦ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ራሱን ይጽፍ ጀመር። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ በእውነተኛው ታሪክ የጊዮርጊስ ተጫዋች፣ የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ፣ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ሕይወቱ እስካለፈ ድረስም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። በእኛው ታሪክ ማዕረጉን አልነካንም፤ እጁ ላይ ዱላ ብቻ ጨመርንበት። አባቱ በጀርመን አገር ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸ አዝማሪና የቅኔ ሰው ስለነበረ፣ ልጁ የገናን ሕግ በግጥም ጻፈው ብለን ደመደምን። ይህ የእኔ ፈጠራ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሲያነበው ሳቀ፣ ግን አልሰረዘውም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ላይ ስንደርስ ተከራከርን። በዚያ ዕለት፣ ገና ባለፈ በ14ኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። እኔ «በገናማ ቢሆን 10 ለ 0 ነው» አልኩ። ፕሬዚዳንቱ እምቢ አለ። «ሉቻኖና ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁና ግርማ ተክሌ አንድ አንድ አግብተዋል። ዱላ እንሰጣቸዋለን እንጂ ግብ አንሰጣቸውም።» በደብተሩ ውስጥም ውጤቱ 4 ለ 2 ሆኖ ቀረ።

ያን ቀን ነገሩ የልጅ ግትርነት መስሎኝ ነበር።

*

ሊጋችን 8 ቡድኖች ነበሩት፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ደብረ ብርሃን፣ ላሊበላና ጃንሜዳ። አዲስ አበባን በአንድ ቡድን ብቻ እንድትወከል የፈረድንባት ሆን ብለን ነው። ዋና ከተማዋን ከብበን የምንኖር ሰዎች ስለነበርን፣ ቢያንስ በደብተር ላይ እኛ በዝተን እርሷ እንድታንስ ፈለግን።

ሰበታ የእኔ ነበረች። በጅማ መንገድ ላይ የተኛች፣ ነፋሱ ሲያመጣው የቢራ ብቅል የምትሸት፣ የመርሐ ዕውራን ተማሪዎች በትራቸውን እያንኳኩ በመስመር የሚያልፉባት ከተማ። አጥቂያችን ጸጉር አስተካካዩ ነበር፤ እጁ ፈጣን ነው በሚል።

ቡራዩ የፕሬዚዳንቱ ነበረች። አያቱ እዚያ፣ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳይርቁ ይኖሩ ነበርና ክረምቱን እዚያ ያሳልፋል። በረኛው የግድቡ ዘበኛ ነበር። «ለአዲስ አበባ ውኃ የሚጠብቅ ሰው ሩር አያሳልፍም» ይል ነበር።

ሱሉልታ የማንም አልነበረችም። እንጦጦን ተሻግራ፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ሰፊ ሜዳዋን ለነፋስ ሰጥታ የተቀመጠች፤ ወተትና ድርቆሽ ወደ ከተማ የምትልክ። አንድ ጊዜ ከአባቴ ጋር በታኅሣሥ ማለዳ ስናልፍ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ አይቻለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሆኜ በረዶ የወረደ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ለሱሉልታ ልዩ ደንብ አወጣንላት። በሜዳዋ ስትጫወት፣ እንግዳው ቡድን ካወጣው ቁጥር ላይ 1 ይቀነሳል። አመዳዩ ላይ ይንሸራተታልና።

ቁጥር የሚወጣው ከጣሳው ነው። 21 ቁራጭ ወረቀት ጠቅልለን ከተትን። 6ቱ ላይ 0 ተጽፏል፣ 5ቱ ላይ 1፣ 4ቱ ላይ 2፣ 3ቱ ላይ 3፣ 2ቱ ላይ 4፤ 5 የሚል ቁጥር ያለባት ወረቀት አንዲት ብቻ ነበረች። ግብ ብርቅ መሆን አለበት ብሎ ያሰላው ፕሬዚዳንቱ ነው። እንግዳው ቡድን አንድ ዕጣ ያወጣል፤ ባለሜዳው ሁለት አውጥቶ የሚበልጠውን ይይዛል። የወጣው ዕጣ ተመልሶ ይጠቀለላል። በየቅዳሜው 4 ግጥሚያ እናካሂዳለን፤ ከዚያ እኔ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ እያስመሰልኩ ዘገባውን አነባለሁ፤ እናቴ ከማድ ቤት ሆና «እናንተ ልጆች፣ ማን አገባ?» ትላለች።

ማን እንደሚያገባ አለማወቃችን ነበር ጣዕሙ። ታሪኩን ከሥሩ የፈጠርነው እኛ ነን፤ ተጫዋቹን፣ ሜዳውን፣ ዝናቡን ሳይቀር። ዕጣው ግን የእኛ አልነበረም። እጃችን ጣሳው ውስጥ ሲገባ ልባችን የእውነት ይመታል። ጸጉር አስተካካዩ 0 ሲያወጣ እሑድ ጸጉሬን ሊቆርጠኝ ስሄድ አኮርፈው ነበር። ምስኪኑ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ።

*

12ኛው ሳምንት ላይ ቡራዩ ወደ ሰበታ መጣች። ያሸነፈ ለዋንጫው ይቀርባል።

አርብ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጣሳው የሚያድረው እኔ ዘንድ ነው፤ ዋና ጸሐፊ ነኝና። ተነሣሁ፤ በኩራዝ ብርሃን 21ዱን ጥቅልል ፈታሁ፤ አምስት ቁጥርን አገኘኋት። ጫፏን በጥርሴ ነከስኩና መልሼ ጠቀለልኳት። ይህ ብቻ ነው ያደረግኩት። ጣት ካላወቀው በቀር ዓይን የማያየው ቁስል።

ቅዳሜ ፕሬዚዳንቱ ለቡራዩ 4 አወጣ። ጮኸ፤ ዘለለ። ከ4 የሚበልጥ ቁጥር በጣሳው ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለት ዕጣ እርሷን የማግኘት ዕድል 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያ ዕጣዬ 1 ሆነች። ሁለተኛውን ሳወጣ ጣቶቼ የተነከሰውን ጫፍ ሲፈልጉ ትዝ ይለኛል፤ ሲያገኙትም ትዝ ይለኛል። ሰበታ 5፣ ቡራዩ 4።

ጓደኛዬ ወረቀቷን ተቀብሎ አያት። ጠቀለላት። ጣሳው ውስጥ ጣላት። «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

የዚያን ቀን ዘገባ እስከ ዛሬ አለኝ። ከደብተሩ ዘገባዎች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ ሦስት ገጽ። ሌሎቹ ግጥሚያዎች አምስትና ስድስት መስመር ሲበቃቸው፣ በዚህ ውስጥ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ አቧራው ወርቅ ይመስላል፣ ጸጉር አስተካካዩ በእንባ ይንበረከካል። ዛሬ በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ሆኜ ሳነበው የምማረው አንድ ነገር አለ፤ ሐሰት ብዙ ቅጽል ይፈልጋል።

*

የመጨረሻው ሳምንት ከገና ጋር ገጠመ። ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር በዓሉ የዋለው ታኅሣሥ 28፣ እሑድ ነው። ቅዳሜ ሦስቱን ግጥሚያዎች አካሄድን። ቡራዩ 14 ጨዋታዋን በ28 ነጥብ ጨረሰች። ሰበታም 28 ነጥብ አላት፤ ሱሉልታ 27። የቀረው ሰበታ ከሱሉልታ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን ዋንጫው ወይ የሰበታ ወይ የሱሉልታ ነው። ቡራዩ አብቅቶላታል። ይህን ግጥሚያ ለበዓሉ ዕለት አቆየነው፤ እውነተኛውን ገና ተመልክተን፣ ሜዳው ዳር ተቀምጠን ዕጣ ልናወጣ።

እሑድ ጣሳውን ታቅፌ ሜዳው ዳር ጠበቅሁት። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተጫውተው ጨረሱ። ጀንበር ጠለቀች። እርሱ አልመጣም። በዚያው ምሽት ከእናቱ ጋር ወደ ካናዳ በረረ። ቪዛው እንደመጣ ቤተሰቡ ያውቅ ነበር፤ የሰው ዓይን እንዳይገባባቸው ብለው ቀኑን ለማንም፣ ለልጁም ጭምር፣ ሳይነግሩ ነው የቆዩት። አባቱ ካልጋሪ በምትባል ከተማ ይኖር ነበር።

የመጀመሪያው ደብዳቤው ሲደርሰኝ ስለ ናፍቆት አልጻፈም። «ዋና ጸሐፊ ሆይ፣ ብታምንም ባታምንም እዚህ ገናን በበረዶ ላይ ይጫወታሉ። ደግሞም ሊግ አለው» ይላል። ሩሯ ክብ ሳትሆን ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ናት፤ ጫማቸው ሥር ስለት አለ፤ ዱላው ግን የእኛው ዱላ ነው፤ ጫፉ የቆለመመ። ሊጋቸው እ.ኤ.አ. በ1917 ሞንትሪያል ላይ ተመሥርቷል። ሲያነቡት ቀላል ደብዳቤ ነው፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ያለምነው ሁሉ እዚያ በእውን ኖሯል፤ የተሳሳትነው አገሩን ብቻ ነው።

በኋላ ዘመን ኢሜይል መጣ፤ ከዚያም ስልኩ ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 የካልጋሪ ቡድን ለዋንጫው ፍጻሜ ደርሶ ነበር። በ6ኛው ግጥሚያ፣ በካልጋሪ ሜዳ፣ 2 ለ 2 ሳሉ ጎማዋ ከማርቲን ዤሊና ጫማ ተተኩሳ ከበረኛው እግር ጋር ተጋጨች። መስመሩን አልፋለች? አላለፈችም? ዳኞቹ ግብ አላሉትም። ካልጋሪ በተጨማሪ ሰዓት ተሸነፈች፤ 7ኛውንም ግጥሚያ ታምፓ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፋ ዋንጫው ሄደ። «ከተማው ሙሉ ገብታ ነበር ብሎ ያምናል» አለኝ ፕሬዚዳንቱ፤ «እኔም አምናለሁ። ግን የምኖረው ካልጋሪ ስለሆነ ይሆናል።»

ያንን ተከትሎ የመጣው የውድድር ዘመን ጨርሶ አልተካሄደም። ባለቡድኖቹና ተጫዋቾቹ በደመወዝ ጉዳይ ስላልተስማሙ በየካቲት 2005 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። የተሰረዘውን ዘመን በየቤታቸው በኮምፒውተር ያጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ግጥሚያውን በግጥሚያ፣ እስከ ዋንጫው ድረስ። ፕሬዚዳንቱ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። «እኛ እኮ ቀድመናቸዋል» አለ፤ «በኒዶ ጣሳ።»

ያ ዋንጫ ያለ ባለቤት የቀረበት ሌላም ዓመት አለ፤ 1919 እ.ኤ.አ.። ሞንትሪያልና ሲያትል 5 ጊዜ ተጋጥመው፣ ሁለት ሁለት አሸንፈው፣ አንዱን እኩል ወጥተው ሳለ ተጫዋቾቹ በኢንፍሉዌንዛ ወደቁ። ጆ ሆል የተባለው የሞንትሪያል ተከላካይ በዚያው ሞተ። ያ በሽታ እኛ ዘንድ የኅዳር በሽታ የምንለው ነው፤ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጨረሰው፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር ለሞት አድርሶ የመለሰው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየለቀምን በየደጁ የምናጨሰው በእርሱ መታሰቢያ ነው። የዓለም ሁለት ዳርቻ፣ አንድ ሳል።

*

መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የበረዶው ሊግ በኮሮና ምክንያት ቆመ። በማግስቱ፣ መጋቢት 4፣ እኛ አገር የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ። የእነርሱ ሊግ በክረምቱ ቀጥሎ ሻምፒዮኑን አገኘ። የእኛ ፕሪምየር ሊግ፣ ያን ጊዜ ሰበታ ከተማም ይጫወትበት የነበረው፣ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ፊቱ በስልኩ መስታወት ላይ ታየ፤ ጢሙ ሸብቷል።

«ዋና ጸሐፊ» አለኝ፣ «አንድ ግጥሚያ ይቀረናል።»

«ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ረስተኸው ኖረህ ዛሬ ምን ታሰበህ?»

«አልረሳሁትም። ሁሉም ሊግ ቆሟል። የሚቀጥል አንድ እንኳ ይኑር ብዬ ነው።»

ደብተሩ አለኝ። ጣሳውም አለ፤ እናቴ ቅመም ታስቀምጥበት ነበር፤ እርሷ ካረፈች ወዲህ እኔ ጋር ነው። ወረቀቶቹን አዲስ ጽፌ እስክጨርስ ጠበቀኝ። አንዱን ጠቀለልኩ፣ ሁለተኛውን ጠቀለልኩ። 21ኛዋን፣ አምስት ቁጥርን፣ ስይዛት እጄ እምቢ አለኝ።

ነገርኩት። አርብ ሌሊቱን፣ ኩራዙን፣ ጥርሴን። «ለመሆኑ ይህ ምን ያሳፍራል?» ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ሊጉ ፈጠራ፤ ቡድኑ ፈጠራ፤ ታሪኩ ከ1944 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈጠራ። በፈጠራ ውስጥ አንድ ግብ ብትጨመር ምን ይጎድላል? እኔም ለዓመታት ራሴን የደለልኩት በዚህ ነው። ግን ያ መልስ አንድም ሌሊት አላስተኛኝም። ሁለታችን አብረን የፈጠርነው ተረት ነበር፤ እኔ ብቻዬን የጨመርኩበት ግን ውሸት ነበር። ተረቱን ሁለታችንም ተረት መሆኑን እናውቃለን፤ ውሸቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዝም አለ። ረጅም ዝምታ ነበር፤ መሥመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«አውቀህ ነበር?» አልኩት።

«ማወቄ ምን ያደርግልሃል?» አለ። «ግጥሚያው ይደገም። ቀጥሎ ፍጻሜው። ዕጣውን አንተ አውጣ፤ የሁሉንም።»

«እኔ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ሌላ ማን አለ? ጣሳው ያለው አንተ ዘንድ ነው።»

ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ጣሳውን ፊት ለፊቱ አደረግኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለቡራዩ 2 ወጣ። ለሰበታ መጀመሪያ 0፣ ቀጥሎ 2። እኩል። አሮጌው ውጤት ተሰረዘ፤ ከሰበታ 3 ነጥብ ተቀንሶ 1 ተመለሰላት፤ 26 ሆነች። ቡራዩ 29 ደረሰች። ሱሉልታና ሰበታ እኩል ከወጡ ዋንጫው የቡራዩ ነው። ፕሬዚዳንቱ ወደ መስታወቱ ተጠጋ፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

ለሱሉልታ 3 ወጣ። ለሰበታ 1። ጣቴ ጣሳው ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገባ ለማን እንደምመኝ አላውቅም ነበር፤ ሰበታ ከሱሉልታ ነጥብ ብትጋራ እንኳ ዋንጫው የጓደኛዬ ነው። ለቡራዩ ስል ለሰበታ 3 ለመንኩ።

2 ወጣ። ሱሉልታ 3፣ ሰበታ 2። ሱሉልታ በ30 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነች። ሁለታችንም ያልወደድናት፣ ማንም ያልጮኸላት፣ ባለ አመዳይዋ ሱሉልታ።

መጀመሪያ የሳቀው እርሱ ነው። ከዚያ እኔ። ካልጋሪ ውስጥ የሚስቱ ድምፅ «ምን ሆናችሁ?» ሲል ተሰማኝ።

*

ከዚያ ወዲህ አገሬ ሰው ስለ ታሪክ ሲከራከር በሰማሁ ቁጥር ጣሳው ትዝ ይለኛል። የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ… የ1966ቱ አብዮት ባይፈነዳ ኖሮ… ሁላችንም «ቢሆን ኖሮ» ስንል መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው የየራሳችን ሰፈር ነው። ከጠቀለልነው ወረቀት መካከል አንዲቷን ሁላችንም ነክሰናታል፤ ከዚያም ዓይናችንን ጨፍነን እናወጣታለን። የሚያሳፍረው ሌላ ታሪክ ማሰባችን አይደለም። ያለ እርሱ ደራሲ የለም፤ ተስፋም የለም። ግን ያሰብነው ታሪክ ውስጥ እኛም የምንሸነፍበት ዕጣ ካልተጠቀለለ፣ ያ ታሪክ የእኛን ፊት ብቻ የሚያሳይ መስተዋት ነው።

ያ የገና ሜዳችን ዛሬ የለም፤ ፎቅ ተሠርቶበታል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። በደብተራችን ግን ሦስቱም በየራሳቸው ስምና ሜዳ አሉ፤ ደረጃቸውም አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የገና ዕለት ማለዳ ወደ ሱሉልታ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለማንም አልነገርኩም። እንጦጦን ስንወርድ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ነጥቶ ነበር፤ ልክ እንደዚያ የልጅነት ማለዳ። ሯጮች በአመዳዩ ላይ፣ ከአፋቸው እንፋሎት እየወጣ፣ በሰልፍ አለፉ። አንድ ሽማግሌ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከድርቆሽ ክምራቸው አጠገብ ቆመዋል።

«አካም ቡልተን፣ አባባ» አልኳቸው።

በደስታ መለሱልኝ። ሻምፒዮን መሆናቸውን አያውቁም። «እንኳን ደስ ያለዎ» ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ለዚያ ነበር የመጣሁት። ሆኖም ከየት ጀምሬ እንደማስረዳቸው ጠፋኝ።

«እንኳን አደረሰዎ» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ልጄ» አሉኝ።